ነጩን ጨርቅ ማን አነጣው? በ17ኛው መቶ ዘመን የአውሮፓ ሥዕሎች የሚታዩና የማይታዩ የገጠር ሠራተኞች



በሒሳብ ሥራ ላይ ያለን ሰዎች አንድ ሰነድ እጃችን ሲገባ የምንጠይቀው የታወቀ ነው። ገቢው ከየት መጣ? ወጪው ለማን ተከፈለ? ሳይመዘገብ የቀረ ነገር አለ ወይ? እነዚህን ጥያቄዎች ለደረሰኝና ለመዝገብ ብቻ ሳይሆን ለሥዕልም ማቅረብ ይቻላል። በዚህ ጽሑፍ ከእኛ በጣም ሩቅ የሆኑ፣ አብዛኞቹ ከ300 ዓመት በላይ ዕድሜ ያላቸው የአውሮፓ ሥዕሎችን በዚሁ ዓይን እንመለከታለን። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

«ባሮክ» የሚባለው የሥነ ጥበብ ዘመን በግምት ከ1600 እስከ 1750 ያለው ነው። ስሙ ሲነሣ ብዙ ጊዜ ትዝ የሚለን በወርቅ ያጌጠ ቤተ ክርስቲያን፣ የነገሥታት ቤተ መንግሥትና የጦር ሜዳ ነው። ይሁን እንጂ ሜዳው፣ ኮረብታው፣ ወንዙና ሰማዩ ራሳቸውን ችለው የሥዕል ርዕስ የሆኑት፣ ሰዎችም እየገዙ ግድግዳቸው ላይ መስቀልን የለመዱት በዚሁ ዘመን ነው። እንዲህ ያለው ሥዕል የመልክዓ ምድር ሥዕል ይባላል። የዘመኑ ሊቃውንት ግን ከፍ ያለ ቦታ አልሰጡትም። ፈረንሳዊው ጸሐፊ አንድሬ ፌሊቢያን በ1667 የሥዕል ዓይነቶችን በማዕረግ ሲደረድር አበባና ፍራፍሬ የሚሥለውን ከታች፣ መልክዓ ምድር የሚሥለውን ከእርሱ አንድ ደረጃ ከፍ አድርጎ፣ የታላላቅ ሰዎችን ታሪክ የሚሥለውን ደግሞ ከላይ አስቀምጧል። ገበሬውና ላም አላቢዋ ገብተው የምናገኛቸው በዚህ ዝቅተኛ በተባለው የሥዕል ዓይነት ውስጥ ነው።

የሃርለም ነጭ ጨርቅ

ያኮብ ቫን ሩይስዳል በ1628 ወይም በ1629 ገደማ በሆላንድ፣ በሃርለም ከተማ ተወለደ። በኋላ ኑሮውን አምስተርዳም ቢያደርግም የትውልድ ከተማውን ከሩቅ ሆኖ ደጋግሞ ሥሏታል። ከእነዚህ ሥዕሎች በጣም የታወቀው ከ1670 እስከ 1675 ባለው ጊዜ የተሠራው ሲሆን ዛሬ በዘ ሄግ ከተማ፣ በማውሪትስሃውስ ሙዚየም ይገኛል። ሸራው ትልቅ አይደለም፤ ቁመቱ 55 ሴንቲ ሜትር ተኩል፣ ወርዱ 62 ሴንቲ ሜትር ነው። ከዚህ ውስጥ ሁለት ሦስተኛ ያህሉን የያዘው ሰማይና ደመና ነው። በአድማሱ ላይ የቅዱስ ባቮ ቤተ ክርስቲያን ጎልቶ ይታያል። ከታች፣ ደመናው ተከፍቶ ፀሐይ ባረፈበት ሜዳ ላይ፣ ረጃጅም ነጫጭ መስመሮች ተዘርግተዋል። ጠጋ ብለን ስናይ መስመሮቹ ጨርቅ ናቸው። በመካከላቸውም የገብስ ፍሬ የማያክሉ ሰዎች ጎንበስ ቀና ይላሉ።

ጨርቁ ከተልባ እግር የተሠራ ነው። ተልባው ታጭዶ፣ ተዘፍዝፎ፣ ተቀጥቅጦ ጭረቱ ከወጣ በኋላ ይፈተላል። ፈትሉ በአብዛኛው የሴቶች የቤት ሥራ ነበር። ከሽመና የወጣው ጨርቅ ግን ነጭ አይደለም፤ መልኩ ቡላ ነው። ነጭ ለማድረግ ጨርቁን በአመድ ውሃ መዘፍዘፍ፣ ማጠብ፣ ሣር ላይ መዘርጋት፣ እንዳይደርቅም ከቦዩ ውሃ እየቀዱ ደጋግሞ መርጨት ያስፈልግ ነበር። ይህ ብዙ ጊዜ ከተደጋገመ በኋላ ጨርቁ በአሬራ ይዘፈዘፋል። በአሬራው ውስጥ ያለው አሲድ የአመዱን ቅሪት ያጠፋል፣ ጨርቁንም ያጠራል። ከዚያ ታጥቦ እንደገና ወደ ሣሩ ይመለሳል። ሥራው ፀሐይ ስለሚፈልግ የሚሠራው ከፀደይ ጀምሮ በሞቃታማዎቹ ወራት ነበር። ከሠራተኞቹም ብዙዎቹ ለወቅቱ ብቻ የሚቀጠሩ ሴቶችና ልጃገረዶች ነበሩ።

የሃርለም አካባቢ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነበር። ከባሕሩ ዳርቻ የአሸዋ ኮረብታዎች ሥር ንጹሕ ውሃ ይገኛል፣ ሰፊ ሣር አለ፣ አሬራም በቅርብ ይገኛል። ከሌሎች አገሮች የተሸመነ ጥሬ ጨርቅ ሳይቀር ለመንጣት ወደዚያ ይላክ ነበር። በዚህም ምክንያት እንግሊዞች ጥሩ ነጭ የተልባ እግር ጨርቅን «ሆላንድ» ብለው በአገሩ ስም ይጠሩት ጀመር። የአገሩ ስም በገበያ ታወቀ። ውሃውን ስትረጭ የዋለችው ልጅ ግን በሥዕሉ ላይ ጨርቅ ከያዘች አንዲት ነጥብ በላይ አይደለችም።

አሬራው ከየት መጣ?

ሒሳብ ሠሪ አንድን ወጪ ሲያይ ወደ ምንጩ መከተሉ ልማዱ ነው። ሜዳው ላይ በገንዳ የተሞላው አሬራ ከአንድ ቦታ መምጣት አለበት። አሬራ ደግሞ ቅቤ ከተናጠ በኋላ የሚቀር ነው። ስለዚህ ከነጩ ጨርቅ ጀርባ ላም አለ፣ አላቢ አለች፣ ናጭ አለች። በዘመኑ በሆላንድ የእርሻ ቤቶች ማለብም ሆነ መናጥ በአብዛኛው የሴቶች ሥራ ነበር።

የሆላንድ ሰዓሊዎች ላምን አብዝተው ሥለዋል። የዶርድሬኽቱ አልበርት ካውፕ በወርቃማ የማታ ብርሃን ላሞችንና አላቢ ሴቶችን ደጋግሞ አሳይቷል። ፓውሉስ ፖተር ደግሞ በ1647 አንድን ወይፈን በቁመናው ልክ ሣለው። ይህም ሥዕል በማውሪትስሃውስ ይገኛል። ሸራው ቁመቱ ከ2 ሜትር፣ ወርዱ ከ3 ሜትር ይበልጣል። እንዲህ ያለ መጠን በዚያ ዘመን የሚሰጠው ለነገሥታትና ለቅዱሳን ታሪክ ነበር። በዚህ ሥዕል ግን መሐሉን የያዘው ወይፈኑ ነው፤ ገበሬው በዛፉ ጥግ፣ ከከብቶቹ ኋላ ቆሞ ይታያል።

ከብት ለምን ይህን ያህል ከበረ? ምክንያቱ ገንዘብ ነው። በ1612 የቤምስተር ሐይቅ ከ40 በላይ በሆኑ የንፋስ ወፍጮዎች ተመጥጦ ደረቀና መሬት ሆነ። ገንዘቡን ያወጡት በአብዛኛው የአምስተርዳም ነጋዴዎችና ባለሥልጣኖች ነበሩ። መሬቱም ብዙ ሳይቆይ የግጦሽ ሜዳ ሆነ፤ ቅቤና አይብም ለገበያ ይወጣበት ጀመር። እኛ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እንላለን። በአምስተርዳም ነጋዴ ግድግዳ ላይ የተሰቀለችው ላም ግን እንደዚያች አልነበረችም። ወተቷ በእርግጥ ወደ ከተማው ይገባ፣ ገንዘቧም በነጋዴው መዝገብ ይጻፍ ነበር።

ሌላም ነገር አለ። በመልክዓ ምድር ሥዕል ውስጥ ያሉትን ትናንሽ ሰዎች የሚሥለው ብዙ ጊዜ ሌላ ሰዓሊ ነበር። በሩይስዳል አንዳንድ ሥዕሎች ውስጥ ሰዎቹንና ከብቶቹን የሠሩት እንደ አድሪያን ቫን ደ ቬልደና ኒኮላስ በርከም ያሉ ባለሙያዎች ናቸው። የሚታወሰው ግን በአብዛኛው የመልክዓ ምድሩ ሰዓሊ ስም ነው። ሠራተኞቹን የሣለው ሰውም እንደ ሠራተኞቹ ወደ ኋላ ቀርቷል ማለት ነው።

ባለርስቱ ሰዓሊ

ፒተር ፖል ሩበንስ የአንትወርፕ ሰው፣ የነገሥታት ሰዓሊና መልእክተኛ ነበር። በ1635 በብራባንት ግዛት፣ በሜሄለንና በብራስልስ መካከል ሄት ስቴን የሚባል ርስት ከነመኖሪያው ገዛ። በ1636 ገደማም ያንኑ ርስት በማለዳ ብርሃን ሣለው። ሥዕሉ ዛሬ በለንደን ብሔራዊ የሥዕል ቤተ መዘክር ይገኛል። በግራ በኩል ቤቱ አለ። ከፊት ለፊት አንድ አዳኝ ከውሻው ጋር ቆቅ ያደባል። በመንገዱ ላይ ደግሞ የታሰረ ጥጃ የተጫነበት ጋሪ ወደ ገበያ ይሄዳል፤ ከጭነቱም ጋር ሴት ተቀምጣለች። በዚሁ ከተማ በዋላስ ስብስብ የሚገኘው ጓደኛ ሥዕሉ ደግሞ ከዝናብ በኋላ ቀስተ ደመና የወጣበትን ሰዓት፣ ሣር የሚከምሩ ሰዎችንና ከሥራ የሚመለሱ ሴቶችን ያሳያል።

ሁለቱም ሥዕሎች ሰላምና ጥጋብ የሞላባቸው ናቸው። ዓመቱን ግን እንመልከት። ሩበንስ ርስቱን የገዛው በ1635 የፀደይ ወራት ነው። በዚያው ዓመት በሰኔ ወር የፈረንሳይና የሆላንድ ጦር ብራባንት ገብቶ የቲነንን ከተማ ዘረፈ፣ አቃጠለ፤ ቀጥሎም ሉቨንን ከበበ። ሉቨን ከሄት ስቴን የአንድ ቀን የእግር መንገድ እንኳ አትርቅም። ጦር ባለፈበት አገር ደግሞ እህሉን፣ ከብቱንና ጋሪውን የሚያጣው ገበሬው ነው። በሥዕሉ ላይ ወታደር የለም፣ የተቃጠለ ጎጆም የለም። ሩበንስ ለሰላም ብዙ የደከመ ሰው ስለነበር ሥዕሉን እንደ ምኞት ልናነበው እንችላለን። የሚመኘው ግን ርስቱን ከቤቱ አጠገብ ሆኖ የሚያይ ባለቤት ነው። ከጋሪው ላይ ሆና ስትታይ ያቺ ማለዳ ምን እንደምትመስል ሥዕሉ አይነግረንም።

ሩት በፑሳን ሸራ ላይ

ፈረንሳዊው ኒኮላ ፑሳን ዕድሜውን አብዛኛውን ያሳለፈው በሮም ነው። ከ1660 እስከ 1664 ባሉት ዓመታት፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ፣ አራቱን ወቅቶች በአራት ሥዕሎች ሠራ። ያዘዘው የሪሽልዩ መስፍን ነበር። ሥዕሎቹ በ1665 ወደ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ ስብስብ ገቡ፤ ዛሬ በሉቭር ይገኛሉ። በጋውን የሚወክለው ሥዕል ታሪኩን ሁላችንም የምናውቀው ነው፤ ሩት በቦዔዝ እርሻ።

ስንዴው እንደ ግድግዳ ቆሟል። አጫጆች ያጭዳሉ። ከኋላ በኩል ፈረሶች ተጠምደው እህል ያበራያሉ። ከፊት ሩት በቦዔዝ ፊት ተንበርክካ ለመቃረም ፈቃድ ትጠይቃለች። ቃርሚያ የድሃ መብት ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን ባለ እርሻ የማሳውን ዳርቻ ፈጽሞ እንዳያጭድ፣ የወደቀውንም ዘለላ ለድሃና ለመጻተኛ እንዲተው ታዝዟል። በፈረንሳይም ንጉሥ ሄንሪ 2ኛ በ1554 ባወጣው ድንጋጌ ቃርሚያ ለአረጋውያን፣ ለአካል ጉዳተኞች፣ ለሕፃናትና ለአቅመ ደካሞች ተፈቅዶ ነበር።

እዚህ ላይ የሒሳብ ሰው ልብ የሚለው አንድ ነገር አለ። መጽሐፈ ሩት የዚያን ቀን ሥራ በቁጥር መዝግቦልናል። ሩት እስከ ማታ ቃርማ፣ የቃረመችውን ወቅታ፣ አንድ የኢፍ መስፈሪያ ያህል ገብስ አገኘች ይላል። መነሻ ሰዓቱ፣ የሥራው ዓይነትና የተገኘው መጠን ሁሉ አለ። ለአማቷም ወስዳ አሳየቻት። ፑሳን ግን የመረጠው የልመናውን ሰዓት ነው። ሥዕሉ ግሩም ነው፤ ሆኖም ሩትን ጉልበቷ ላይ አድርጎ አቆማት። መጽሐፉ የሚያሳየን ሴት ከቦዔዝ ፊት ተነሥታ ቀኑን ሙሉ የሠራችና ማታ እህሏን የሰፈረች ሴት ናት። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ከሁለቱ አንዱን ብቻ መርጦ ማሳየት ግን አንድን ሰው ተቀባይ ወይም ሠራተኛ ሊያደርገው ይችላል።

እረኛው ለምን አይሠራም?

ክሎድ ሎሬንም እንደ ፑሳን በሮም የኖረ ፈረንሳዊ ነው። በሮም ዙሪያ ያለውን ሜዳ በጥንት ፍርስራሾችና በማታ ፀሐይ አስውቦ ሣለ። በሥዕሎቹ ውስጥ እረኞች ጥላ ሥር ተቀምጠው ዋሽንት ይነፋሉ፤ ከብቶች በወንዝ ይሻገራሉ። ማንም የቸኮለ ወይም የደከመ አይመስልም። እውነተኛው የሮም ሜዳ ግን በበጋ ወባ የሚነግሥበት ቦታ ነበር። አዝመራውን የሚሰበስቡት ከተራራው አገር ለወቅቱ የሚወርዱ የቀን ሠራተኞች ሲሆኑ፣ ታምመው የሚመለሱም ሳይመለሱ የሚቀሩም ነበሩ። ሥዕሎቹን የገዙት ጳጳሳት፣ ካርዲናሎችና መሳፍንት ናቸው።

ክሎድ ራሱ ጥንቁቅ መዝገብ ያዥ ነበር። ሌሎች በስሙ እያስመሰሉ ስላስቸገሩት ከ1635 ገደማ ጀምሮ የሠራቸውን ሥዕሎች በአንድ መጽሐፍ እየነደፈ ያኖር ነበር። 195 ያህል ንድፎች ያሉበት ይህ መዝገብ ዛሬ በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል። ከብዙዎቹ ጀርባ ሥዕሉ ለማን እንደተሠራ ተጽፏል። ሠርቶ አደሩ ክሎድ የድካሙ ዋጋ እንዳይሰረቅ መዝገብ ያዘ፤ ይህ ለእኛም ትልቅ ትምህርት ነው። ለሥዕሎቹ እረኞችና አጫጆች ግን እንዲህ ያለ መዝገብ የያዘላቸው አልነበረም።

ወደ ዘመኑ መጨረሻ ስንመጣ ደግሞ ሠራተኛው ጭራሹን ይጠፋል። በእንግሊዝ ቶማስ ጌንዝበሮ በ1750 ገደማ አቶ አንድሩስንና ባለቤታቸውን ከርስታቸው ጋር ሣላቸው። ስንዴው ታጭዶ፣ ነዶው ታስሮ፣ በሥርዓት ቆሟል። ባለርስቱ ጠመንጃ ይዘው፣ ወይዘሮዋም በሰማያዊ ቀሚሳቸው ተቀምጠው ያዩናል። ያን ሁሉ ነዶ ያሠረ ሰው ግን በሜዳው ላይ አንድም አይታይም።

ፊት ያላቸው ገበሬዎች

ሁሉም እንዲህ አልሣሉም። ከላን ከተማ የመጡት አንትዋን፣ ሉዊና ማትዩ ለ ናን የተባሉ ሦስት ወንድማማቾች በፓሪስ አብረው ይሠሩ ነበር። በ1641 የተሣለውና በሉቭር የሚገኘው «ጋሪው» የተባለ ሥዕላቸው የገጠር ግቢ ያሳያል። ልጆች ሣር በተጫነበት ጋሪ ላይ ወጥተዋል፤ እናት ሕፃን ታቅፋ መሬት ላይ ተቀምጣለች፤ አሳማና ዶሮ በዙሪያው አሉ። ሰዎቹ ነጥብ አይደሉም። ፊት አላቸው፣ ቀጥ ብለውም ወደ እኛ ያያሉ። የሚለምኑ አይደሉም፣ የሚያስቁም አይደሉም።

ያ ወቅት ለፈረንሳይ ገበሬ ክፉ ነበር። መንግሥት ከ1635 ጀምሮ ለጦርነቱ ግብሩን ያከብድ ነበር፤ በ1637 በፔሪጎር፣ በ1639 ደግሞ በኖርማንዲ ገበሬዎች በግብር ምክንያት ዐመፁ። ወንድማማቾቹ ዐመፁን አልሣሉም፤ ግብሩንም አላወገዙም። ያደረጉት ትንሽ የሚመስል ነገር ነው፤ ገበሬዎቹን በሜዳ ጌጥነት ሳይሆን በሰውነታቸው፣ ለሹማምንት በሚሰጠው ዓይነት ትኩረት ሣሉ። በ1648 የሥዕል ንጉሣዊ አካዳሚ ሲመሠረት ሦስቱም አባል ሆኑ። አንትዋንና ሉዊ በዚያው ዓመት በቀናት ልዩነት ሞቱ።

ከሥዕል ወደ መዝገባችን

ከእነዚህ ሥዕሎች የምንማረው እነዚያን ሰዓሊዎች መውቀስን አይደለም። ያለ ሩይስዳል ሥዕል የሃርለም የጨርቅ ሜዳ ምን ይመስል እንደነበር እንዲህ ቁልጭ ብሎ አይታየንም ነበር። የምንማረው ሥዕልን የማንበብ ልማድ ነው። ማን ትልቅ ሆነ፣ ማን ትንሽ? ማን ቀረ? ማን ከፈለ፣ የሚያየውስ ማን ነው? ነገሩ አላፊ ታሪክ ብቻም አይደለም። በአሬራ መዘፍዘፍ ሣምንታት ይፈጅ ነበር፤ በ1756 የኤዲንብራው ሐኪም ፍራንሲስ ሆም በአሬራ ፈንታ የተበረዘ የሰልፈሪክ አሲድ መጠቀም እንደሚቻል አሳየ፤ በ1780ዎቹ ደግሞ ፈረንሳዊው ክሎድ ቤርቶሌ በክሎሪን ማንጣትን አስተዋወቀ። ሥራው ተለወጠ፣ ሜዳውም ቀስ በቀስ ባዶ ሆነ። የእነዚያን ሴቶች ሥራ የሚያሳዩን እነዚያ የገብስ ፍሬ የማያክሉ ነጥቦችና የተረፉ ጥቂት የሒሳብ መዝገቦች ናቸው። በሁለቱም ውስጥ ያልገባ ድካም እንዳልነበረ ሆኖ ይቆጠራል።

እኛም እንደ ማኅበር ሥዕል እናወጣለን። በየዓመቱ ለደጋፊዎቻችን በምንልከው ሪፖርት ፎቶግራፍ አለ፣ ሠንጠረዥም አለ። ሠንጠረዡ ቁጠባን፣ ብድርንና ሽያጭን ያሳያል። ሳይከፈል የሚሠራው ሥራ፣ ማለትም ለስብሰባ የሚዘጋጀው፣ የታመመችን አባል የሚያስታምመው፣ የጓደኛን ልጅ ይዞ የሚውለው ጉልበት ግን በሠንጠረዡ ዓምድ የለውም። ስለዚህ በሒሳብ ክፍል ያለን አባላት ለሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ሁለት ሐሳብ እናቀርባለን።

አንደኛ፣ በእያንዳንዱ የሥራ ቡድን መዝገብ ላይ ያለ ክፍያ የተሠራ ሰዓት የሚጻፍበት አንድ ዓምድ ይጨመር። ዓላማው ገንዘብ ለመጠየቅ አይደለም። አንድ ብር እንዲተርፍ ስንት ሰዓት እንደፈሰሰ እኛም ደጋፊዎቻችንም እንድናውቅ ነው። ዋጋ ስንተምንም፣ አዲስ ሥራ ስንጀምርም ይጠቅመናል።

ሁለተኛ፣ በሪፖርታችን የሚወጣ ፎቶግራፍ ሁሉ ከሥሩ ሥራው ምን እንደሆነ ይጻፍበት፤ አባሏ ከፈቀደችም ስሟ ይጻፍ። ስጦታ ስትቀበል የተነሣችው ፎቶ ብቻ ሳይሆን ስትሠራ የተነሣችውም ይውጣ።

ደጋፊዎቻችንም ከእኛ የሚመጣላችሁን ሥዕል ስታዩ ደስ የሚል ሰማይ ላይ አትቁሙ። ወደ ሜዳው ጠጋ ብላችሁ ጨርቁን የዘረጋችው ማን እንደሆነች ጠይቁን። መልሱን መዝግበን መጠበቅ የእኛ ሥራ ነው።